የቀበሌ ቤት ሲፈርስ፦ የመሀል ጎንደር መሬትና ተከራዩ

በመሀል ጎንደር ከአከራይ ሁሉ ብዙ ቤት በእጁ ያለው መንግሥት ነው። በፋሲል ግቢ ዙሪያ፣ ከፒያሳ ጀርባ፣ በአራዳና በጃንተከል ውስጥ ለውስጥ ተጠጋግተው ከቆሙት የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ናቸው። ቤቱም መሬቱም የሕዝብ ነው፤ ነዋሪው ተከራይ ነው። ቤቶቹ አርጅተዋል፣ የቆሙበት መሬት ግን በከተማው ካለው ሁሉ ውዱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የኮሪዶር ልማቱ ጎዳናውን ሲያሰፋ፣ የሕንፃዎችን ፊት ሲያድስና መብራት ሲተክል ይህ ልዩነት ለሁሉም ታየ። ከፊት የታደሰ ጎዳና አለ፣ አንድ መታጠፊያ ገባ ሲሉ ደግሞ በእንጨት ድጋፍ የቆመ ግድግዳ ያጋጥማል።

እነዚህ ሰፈሮች መታደስ አለባቸው፤ በዚህ የሚከራከር ብዙ ሰው አላውቅም። የሚያከራክረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተማው በራሱ መሬት ላይ፣ ራሱ የሚያከራየውን ቤት አፍርሶ ሲገነባ፣ ዛሬ እዚያ የሚኖረው ሰው ነገ የት ይኖራል? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መሬቱ በሕዝብ እጅ እንዳለ፣ ተከራዩም በተከራይነቱ እዚያው ሰፈሩ ሳይለቅ፣ ከጎኑ የተሻለ ገቢ ያለው ጎረቤት ተጨምሮለት ሰፈሩን እንደገና መሥራት ይቻላል። በአገራችን ቤት ልማት በትንሹ ብቻ የተሞከረው መንገድ ይህ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ጎንደር ስለ ቤትና ቦታ የረጅም ዘመን የጽሑፍ ማስረጃ ያላት ከተማ ናት። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከመሠረቷት በኋላ በነበሩት ሁለት ምዕተ ዓመታት ቤትና ቦታ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ሽያጩም በየቤተ ክርስቲያኑ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከዋጋውና ከምስክሮቹ ስም ጋር ይጻፍ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ የጻፈው መጽሐፍ አንዱ ምሰሶ እነዚህ የጎንደር ሰነዶች ናቸው። ከሰነዶቹ የምንረዳው በከተማዋ ቦታ የሚይዘው መኳንንቱ ብቻ እንዳልነበረ፣ ካህናትም ሴቶችም ይገዙና ይሸጡ እንደነበር ነው። የሰፈሩም አኗኗር የተደባለቀ ነበር። የባለጸጋው የድንጋይ ቤት ካለበት ግቢ አጠገብ የአሽከሩና የባለሙያው ጎጆ ይቆማል። በሃይማኖት መለየት ግን ነበረ፤ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወስኗል፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ የአማራ ግዛቱ ዋና መቀመጫ አደረጋት። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው የፍሎረንስ አርክቴክት ያዘጋጀው ፕላን ለነጩ አንድ፣ ለአገሬው ሌላ ሰፈር የሚመድብ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ወራሪው ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ በ1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ሕንፃዎቹ ለከተማዋ ቀሩ፤ መሀሉን የንግድና የቢሮ ሰፈር ያደረገው አቀማመጥም አብሮ ቀረ።

የዛሬውን ጥያቄ የወለደው ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሱት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄዱ። የኪራዩ ዋጋ ተቀንሶ በዚያው ረጋ። አዋጁ የቤት ሠሪውን እጅ ማሰሩ እውነት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በላቡ የሠራውን ማጣቱም እውነት ነው። አንድ ትልቅ ነገር ግን አደረገ። በሌሎች አገሮች ከመሀል ከተማ ቀድሞ የሚገፋውን ሰው፣ ተሸካሚውን፣ እንጀራ ሻጯን፣ ጥበቃውን፣ ጡረተኛውን፣ ከገበያውና ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይርቅ ለግማሽ ምዕተ ዓመት አቆየው። ይህን ሳያነሱ ስለ ቀበሌ ቤት መበስበስ ብቻ ማውራት ሚዛናዊ አይመስለኝም።

የበሰበሰበት ምክንያትም ስውር አይደለም። ለጥገና የማይበቃ ኪራይ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ቀበሌው አይጠግንም። ተከራዩ ቤቱ የእሱ አይደለምና ገንዘቡን አያፈስበትም፤ ላፍስስ ቢልም ግድግዳ ለመለወጥ ፈቃድ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ደጅ ጥናት ነው።

ከፒያሳ ጀርባ ካሉት ግቢዎች ወደ አንዱ እንግባ። በሩ አንድ ነው፣ በውስጡ አምስት ወይም ስድስት አባወራ ይኖራል። የግድግዳው ምርጊት በክረምት ረግፎ ማገሩ ይታያል፤ የቆርቆሮው ቀዳዳ በላስቲክና በድንጋይ ተይዟል። መፀዳጃው የጋራ ነው፣ ውሃው በተራ የሚመጣ ነውና በየደጃፉ ጄሪካን ተደርድሯል። አንዷ እናት ከግቢው ጥግ ባለው ማድ ቤት ከንጋት በፊት ጀምራ እንጀራ ትጋግራለች፤ ረፋድ ላይ በየምግብ ቤቱ ታደርሳለች። ሌላዋ ጠላ ትጠምቃለች። ሦስተኛው ቤት በመጋረጃ ተከፍሎ ግማሹ ለተማሪ ተከራይቷል። እድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ እቁቡ ከዚሁ አካባቢ ሰው የተዋቀረ ነው። እናትየዋ ሥራ ስትወጣ ልጇን የምታይላት ጎረቤቷ ናት፣ ለዚህም የሚከፈል ነገር የለም። ፕላን አውጪ ይህን ግቢ በካርታው ላይ ሲያየው የተጎሳቆለ ቦታ ይለዋል፤ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ነገር ግን በዚህ ግቢ ማድ ቤቱ የሥራ ቦታ ነው፣ ክፍሉ የገቢ ምንጭ ነው፣ ጎረቤቱ የሕፃናት መዋያ ነው። አዲሱ ቤት እነዚህን ካልተካ፣ ቤተሰቡ ግድግዳ አግኝቶ ገቢውን ያጣል።

መንግሥት የቤት ችግርን በብዛት ለመፍታት የሞከረበት መንገድ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በአቶ አርከበ ዕቁባይ የከንቲባነት ዘመን አዲስ አበባ ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር ወጪ ቆጣቢ የግንባታ ዘዴ ይዛ ተነሳች። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በሚል ወደ ክልል ከተሞች ወረደ፣ ጎንደርም ተካፋይ ሆነች። ግቡ 400 ሺህ ቤት መሥራት ነበር፤ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሠራው 170 ሺህ ገደማ ነው። ትንሽ ሥራ አልነበረም። በብሎኬትና በፕሪካስት ሥራ የሠለጠኑ ወጣቶች፣ የቤት ባለቤት የሆኑ መምህራንና ነርሶች የዚያ ፕሮግራም ፍሬ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ውጭ ተዳከመ። በክልል ከተሞች ቅድሚያ ክፍያውን የሚከፍል ገዢ በበቂ አልተገኘም፣ የግንባታ ዕቃ ዋጋም ከተገመተው በላይ ናረ።

የቅድሚያ ክፍያውን ነገር ጠጋ ብለን እንየው፤ ሁሉም ነገር የሚፈታው ወይም የሚቋጠረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል 40 ካሬ ሜትር ቤት፣ ካሬው በ30 ሺህ ብር ተሠራ እንበል። ዋጋው 1.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በ20/80 ስሌት ተከራይዋ 240 ሺህ ብር ቅድሚያ ትከፍላለች። ቀሪው 960 ሺህ ብር በ15 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ቢከፈል ወርሃዊው ወደ 12,600 ብር ይጠጋል። እንጀራ ጋግራ የምትኖር እናት ይህን ልትከፍል አትችልም። ምርጫዋ ሁለት ነው፤ ዕድሉን ለሌላ ማስተላለፍ፣ ወይም ቤቱን ወስዳ ማከራየትና ራሷ ወደ ዳር ወጥታ በርካሽ መከራየት። በአዲስ አበባ የሆነውም ይኸው ነው፤ ለድሃ የተሠራ ብሎክ ውስጥ ዛሬ የሚኖረው በብዛት መካከለኛ ገቢ ያለው ተከራይ ነው። ጥፋቱ የነዋሪው አይደለም። ፕሮግራሙ የመንግሥት ተከራይን ወደ ገዢ ለመለወጥ ተነሳ፤ ገዢ መሆን ለማይችለው ደግሞ በመሀል ከተማ የሚከራይ አዲስ የሕዝብ ቤት አላስቀመጠም። የተሠራው ሁሉ ተሸጠ።

የልደታው መልሶ ማልማት እዚህ ላይ ትምህርት አለው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባ በልደታ ሰፊ የቀበሌ ቤቶች ሰፈር አፍርሳ ከፊሉን ለኮንዶሚኒየም፣ ከፊሉን ለንግድ ሕንፃ ሰጠች። ለተፈናቃዩ የቀረበው አማራጭ ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት መውሰድ ነበር። መክፈል የቻለ እዚያው አካባቢ ቀረ፣ ያልቻለው ራቀ። ልደታን የተሻለ የምለው አንድ ነገር ስላለው ነው፤ ቢያንስ በመሀል ከተማ መሬት ላይ መኖሪያ ቤት ተሠርቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ፒያሳና በካዛንቺስ የተካሄደው ማፍረስ ግን ነዋሪውን በአመዛኙ ወደ ዳር አወጣው፤ ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙዎች ገላን ጉራ ሰፍረዋል። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ይሻላል፤ ውሃው፣ መፀዳጃው፣ ጣሪያው ይሻላል። ነገር ግን በካዛንቺስ ጥግ ላይ ቡና አፍልታ ትሸጥ የነበረች ሴት ደንበኞቿን ይዛ አልሄደችም።

ጎንደር ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሲቀዘቅዝ ቦታውን የያዘው የማኅበር ቤት ነው። ሠራተኛው በማኅበር ይደራጃል፣ የግንባታውን ወጪ ከፊል በዝግ ሂሳብ ያስቀምጣል፣ ቦታ ይጠብቃል። ጥሩ መንገድ ነው፤ ቤተሰቡ አቅሙ በፈቀደ ሰርቪስ ቤት ይጀምርና ቀስ እያለ ይጨርሳል። ግን ገንዘብ ማስቀመጥ ለማይችለው አይሆንም፣ ቦታውም በከተማዋ ዳርቻ ነው የሚገኘው፤ በአዘዞ፣ በጠዳ አቅጣጫና በየኮረብታው። ወረፋው ሲረዝም ከገበሬ በውል ገዝቶ ጨረቃ ቤት የሚሠራው ይበዛል። ከተማዋ በ1987 ዓ.ም. ወደ 112 ሺህ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 207 ሺህ ሕዝብ እንደነበራት የሁለቱ ቆጠራዎች ውጤት ያሳያል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን የቀረበ ሕዝብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ባይደረግም እድገቱ እንዳልቆመ በዓይን ይታያል። መሀሉ በአንድ ወለል የጭቃ ቤት ተይዞ ዳሩ ወደ እርሻ መሬት ሲዘረጋ ከተማው በሁለቱም በኩል ይከስራል። መንገድ፣ የውሃ መስመርና የመብራት ምሰሶ በየኮረብታው መዘርጋት አለበት፤ ሠራተኛው ደግሞ ጠዋት ማታ ለባጃጅና ለታክሲ ከደመወዙ ይቆርጣል።

ከሰሜኑ ደጋ የሚመጣውም ሰው የዚህ ጉዳይ አካል ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከወገራ ለሥራ፣ ለትምህርትና ለሕክምና የሚመጣው በመጀመሪያ የሚያርፈው በመሀል ከተማው ርካሽ ክፍል ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ የተፈናቀለው ብዙ ቤተሰብም መጠጊያ የፈለገው በዘመድ ቤትና በእነዚሁ ሰፈሮች ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ሰውን ከገጠር ወደ ከተማ ገፍቷል። ርካሹ ክፍል ከመሀሉ ቢጠፋ ይህ ሰው ከተማዋን አይተዋትም፤ ጨረቃ ቤቱን ነው የሚያበዛው።

ደባርቅ ራሷ ስለ መነሳትና መስፈር የምትነግረን አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከዓለም ቅርስ የአደጋ መዝገብ እንዲወጣ በተደረገው ጥረት ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። ካሳ ተከፈላቸው፣ የከተማ ቦታም ተሰጣቸው። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ሰዎቹ ግን ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ገበሬ ነበሩ፤ ቤት መሥሪያ ቦታ ያገኘ ሁሉ መተዳደሪያ አላገኘም፣ የካሳ ገንዘብም ቤት ተሠርቶበትና ተበልቶ ያልቃል። ከመሀል ጎንደር ግቢ የምትነሳው ጠላ ጠማቂና ከግጭ የተነሳው ገበሬ ኑሯቸው ለየቅል ቢሆንም ያጡት ነገር አንድ ዓይነት ነው።

ሕጉስ ምን ይፈቅዳል? ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ይፈቅዳል። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ በጨረታም በምደባም እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ መንግሥት ለሚያስገነባቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ለማኅበር ቤት የምደባው በር ክፍት ነው። ስለዚህ ከተማው የመሀሉን መሬት ሁሉ በከፍተኛ ዋጋ እንዲያጫርት የሚያስገድደው ሕግ የለም። የሚያስገድደው በጀት ነው፤ የሊዝ ገቢ ለማዘጋጃ ቤት ዋና የገንዘብ ምንጭ ሲሆን ድሃ የሚኖርበት የመሀል ግቢ ገና ያልተሸጠ ሀብት ሆኖ ይታያል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ለሚለቀቅበት ባለይዞታ ካሳንና የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ያነሳል፤ ዋነኛ ተጠቃሚው ግን ባለይዞታው ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የግል ኪራይ ዋጋ መናርን ሊቆጣጠር ወጥቷል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ባለይዞታ አይደለም፣ የግል ተከራይም አይደለም። ሰፈሩ ሲታደስ ወደዚያው ሰፈር በተከራይነት የመመለስ መብቱ በግልጽ ቢጻፍለት የብዙ ክርክር መዝጊያ ይሆናል።

የሌላውን ዓለም ልምድ ስናይ ሲንጋፖር ቀድማ ትጠቀሳለች። እ.ኤ.አ. በ1960 የቤቶች ልማት ቦርዷን አቋቁማ ዛሬ ከነዋሪዋ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው በመንግሥት በተሠራ ቤት ይኖራል፤ ቤቱም የሚሸጠው እንደኛው የመኖሪያ ሊዝ በ99 ዓመት ነው። ነገር ግን ሲንጋፖር ለገዢው የጡረታ ቁጠባውን እንዲጠቀም ፈቅዳለች፣ ለማይችለውም የሚከራይ ቤት አስቀምጣለች። እኛ ሊዙ አለን፣ የቀሩት ሁለቱ የሉንም። ሙምባይ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልሚው ለጎስቋላው ሰፈር ነዋሪ በነፃ ቤት እንዲሠራና ትርፉን ለገበያ ከሚሸጠው ፎቅ እንዲያወጣ አደረገች፤ ነዋሪው ግን ብዙ ጊዜ ብርሃን በማይገባበት ጥቅጥቅ ያለ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ተጨናነቀ። ለአልሚው ሁሉን መተው የሚያመጣው ይህን ነው። ቪየና በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ አገሪቱ በደኸየችበት ዘመን፣ በባለጸጎች ቤት ላይ ጠንከር ያለ ግብር ጥላ ከ60 ሺህ በላይ የከተማ አስተዳደር ቤቶች ሠራች። አልሸጠቻቸውም። ከመቶ ዓመት በኋላም የከተማው ንብረት ናቸው፤ ሐኪሙና የአውቶቡስ ሾፌሩ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ።

ለጎንደር የሚስማማው ግን የባንኮክ ልምድ ይመስለኛል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በመሀል ባንኮክ የመንግሥት ወይም የግል መሬት ላይ የሰፈሩ ድሆች ሊነሱ ሲሉ መሬቱን ከባለቤቱ ጋር ተካፈሉ። ለጎዳናው የቀረበው፣ ለንግድ የሚመቸው ክፍል ለባለቤቱ ሆነ፤ ከጀርባ ባለው ክፍል ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ጠጋግተው፣ ወደ ላይ ከፍ አድርገው ሠሩ። ክርክሩ ረጅም ነበር፣ አንዳንዱ ሰፈር ዓመታት ፈጅቶበታል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ባን ማንኮንግ የተባለው የታይላንድ ፕሮግራም ነዋሪው በቁጠባ ቡድን ተደራጅቶ በጋራ እንዲበደርና በጋራ መሬት እንዲይዝ አደረገ። እቁብና እድር ላለው ሕዝብ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

ይህን ወደ ጎንደር እናምጣውና በቁጥር እንፈትሸው። ግማሽ ሄክታር፣ ማለትም 5,000 ካሬ ሜትር የሆነ የቀበሌ ቤቶች ይዞታ ላይ 60 አባወራ ይኖራል እንበል። ለእያንዳንዱ በአማካይ 45 ካሬ ሜትር ቤት ብንሰጥ 2,700 ካሬ ይሆናል። ለደረጃና ለመተላለፊያ አንድ አምስተኛ ጨምረን 3,240 ካሬ። ምድር ቤቱን ይዞ በአራት ወለል ቢሠራ ሕንፃው የሚያርፍበት መሬት 810 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ለማድ ቤት፣ ለልብስ ማስጫ፣ ለውሃ ታንከርና ለልጆች መጫወቻ ሌላ 1,200 ካሬ ብንጨምር እንኳ 3,000 ካሬ ገደማ ይተርፋል። ይህ የተረፈው ጎዳና ዳር ያለው ነው። ምድሩ ሱቅ፣ ከላይ ለመካከለኛ ገቢ የሚሆን ቤት ተሠርቶበት በሊዝ ቢሰጥ ወይም ከተማው ራሱ ቢያከራየው፣ የሚገኘው ገንዘብ ከጀርባ ያለውን የተከራዮች ሕንፃ ወጪ በከፊል ይሸፍናል። በከፊል የምለው ሆን ብዬ ነው፤ በዛሬው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሁሉንም ይሸፍናል የሚል ሰው የሚሰማው ያጣል። ቀሪው ከክልልና ከፌዴራል በጀት መምጣት አለበት። ለቤት ብድር የተቋቋመው ጎህ ቤቶች ባንክም ሆነ ንግድ ባንክ የፊት ለፊቱን ገዢ ሊያበድር ይችላል። የጀርባው ሕንፃ ግን ባንክ የሚሸከመው አይደለም፤ እንደ ትምህርት ቤትና እንደ ጤና ጣቢያ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ነው።

ኪራዩስ? ዛሬ ካለው የይስሙላ ኪራይ ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ ከፍ ማለትም አለበት፤ ጥገና የማይሸፍን ኪራይ ቤቱን እንደገና ያበሰብሰዋል። ከቤተሰቡ ገቢ የተወሰነ ድርሻ ሆኖ ቢታሰብ ጡረተኛው በአቅሙ፣ ደመወዝተኛው በአቅሙ ይከፍላል። ገንዘቡም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ጠቅላላ ካዝና ሳይቀላቀል ለሕንፃው ጥገና በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ነዋሪው የመረጠው ኮሚቴ ይየው።

በጎንደር የሚሠራ ሕንፃ ሌላም ጌታ አለበት። ፋሲል ግቢና ሌሎቹ የጎንደር ቅርሶች ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዙሪያው የሚቆመው ሕንፃ ከግንቡ ጋር በቁመት መወዳደር የለበትም። ስለዚህ ከላይ ያሰብነው አራት ወለል ለብዙው የመሀል ሰፈር ጣሪያ ነው፣ ለግንቡ አጥር ለሚቀርበው ደግሞ ሁለት ወለል ይበቃል። ለነዋሪውም ይሻላል፤ ሊፍት አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋ አሮጊት በደረጃ መሀል አትቀርም። በአካባቢው ድንጋይ ሞልቷል፣ ድንጋይ ጠራቢውም የኮብልስቶን መንገድ ሲሠራ ሠልጥኗል። ምድር ቤቱ በድንጋይ ቢሠራ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ይቀንሳል፣ ሕንፃውም ከከተማዋ መልክ ጋር ይስማማል።

ውሃን ሳያነሱ ስለ ፎቅ ማውራት ግን ከንቱ ነው። የከተማዋ ዋና የውሃ ምንጭ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ይዞታው ቀንሷል፣ የመገጭ ግድብ ሥራም ለዓመታት ተጓትቷል። በጄሪካን የሚኖር ግቢ ወደ አራት ወለል ሲወጣ ውሃውን ማን ወደ ላይ ያወጣዋል? ከተማዋ የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር ስለሌላትም ሽንት ቤቱ የሚሞላው ጉድጓድ ነው፤ 60 አባወራ በአንድ ሕንፃ ሲሰበሰብ ጉድጓዱ በመኪና መመጠጡ ወጪ ነው፣ መዘግየቱም በሽታ ነው። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ጣሪያና ታንከር፣ ለብዙ ሕንፃ በጋራ የሚያገለግል የፍሳሽ ማጣሪያ በፕላኑ መጀመሪያ ገጽ ላይ መግባት አለባቸው።

ማድ ቤቱም እንደዚሁ። የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ የጋራ ማብሰያ ተሠርቶላቸው ነበር፤ በየቦታው ወደ መጋዘንነትና ወደ ሱቅ ሲለወጥ ታይቷል። በጎንደር ይህ ክፍል የሴቶች የሥራ ቦታ ተብሎ ጭስ መውጫው፣ ምጣዱ የሚገናኝበት የኤሌክትሪክ መስመርና ውሃው ታስቦበት ይሠራ። ደባርቅ ላይ ደግሞ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ምድጃ ሙቀትም ነው፤ የቀዝቃዛውን ደጋ ቤት የጎንደርን ፕላን ገልብጦ መሥራት አይበጅም። ደባርቅና ዳባት የመሬታቸው ዋጋ ገና ስላልናረ የመሀል ቀበሌ ቤቶቻቸውን በሁለት ወለል ለመሥራት ከጎንደር ይልቅ ይቀላቸዋል፤ ቢጀምሩ ደግሞ ለጎንደር የሚሆን ትምህርት ከዚያ ይገኛል።

የማፍረሱ ቅደም ተከተል ብዙ ይወስናል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈርሶ ነዋሪው ለጊዜው ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ከሄደ፣ ያ ጊዜያዊ ለብዙዎች ቋሚ ይሆናል። ሥራው በመሀል ከተማ ባሉ የመንግሥት መጋዘኖች፣ የታጠሩ ባዶ ቦታዎችና ለዓመታት ሳይሠሩ በቀሩ የሊዝ ይዞታዎች ላይ ይጀመር። የመጀመሪያው ሕንፃ እዚያ ይቁም፤ የመጀመሪያው ግቢ ነዋሪ በቀጥታ ወደ እሱ ይግባ፤ የለቀቀው ግቢ ለሚቀጥለው ሕንፃ ቦታ ይሁን። ቤተሰቡ አንድ ጊዜ ብቻ ዕቃውን ይጭናል፣ ልጁም ትምህርት ቤት አይለውጥም። አዝጋሚ ነው። የጸጥታው ሁኔታና የዕቃ ማጓጓዙ ችግር ባለበት በዚህ ወቅት ግን ትልቁን ጀምሮ አጥር ብቻ ከማስቀረት ትንሹን ጀምሮ መጨረስ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን መዝገቡ አለ። በቀበሌው ፋይል ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ አንዳንዱም ከሞተ ቆይቷል። በቤቱ ውስጥ ግን ያገባ ልጅ፣ ደባል፣ በመጋረጃ የተከራየ ተማሪ፣ ከደጋ የመጣ ዘመድ አለ። ማን ተከራይ ተብሎ ይቆጠራል? ስሙ በፋይል ያለው ብቻ ነው ከተባለ የሰፈሩ ግማሽ ነዋሪ ከመጀመሪያው ቀን ከልማቱ ውጭ ይሆናል። ያለው ሁሉ ይቆጠር ከተባለ ደግሞ ወሬው ሲሰማ ደላላው አዲስ ደባል ማስገባት ይጀምራል። ስለዚህ ቆጠራው የልማቱ ዜና ከመነገሩ በፊት መደረግ አለበት። ከክፍለ ከተማው ባለሙያ ጋር የእድሩ ዳኛና ከሴቶቹ የተመረጠች አንዷ ቤት ለቤት ይዙሩ። ዝርዝሩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ለአንድ ወር ቅሬታ ይሰማበት፣ ከዚያም ይዘጋ። ደባሉ ሙሉ ቤት ይገባዋል ወይስ በሕንፃው ውስጥ አንድ ክፍል በኪራይ ይሰጠው የሚለው እስካሁን ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። እኔ ክፍሉ ይሰጠው ባይ ነኝ፤ ዛሬ ለሚኖርበት ግማሽ ክፍል በወር የሚከፍለው ገንዘብ ቀበሌው ከሙሉ ቤቱ ከሚሰበስበው ይበልጣልና።